ምድርን እንደ ምጣድ ማንኳኳት

እናቴ ምጣድ ስትገዛ አታየውም፤ ትሰማዋለች። ከሻጯ ፊት ቁጢጥ ትልና ምጣዱን በአንድ እጇ ከፍ አድርጋ በጣቷ አንጓ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ ድምፅ ከመለሰላት ዋጋ ትጠይቃለች። ድምፁ ከታፈነባት ግን “ይሄማ ነቅ አለው” ብላ ታስቀምጠዋለች። ነቁ በዓይን አይታይም። ሻጯ ብትምል ብትገዘት እናቴ ከጆሮዋ በቀር የምታምነው የለም።

ይህ ትዝ ያለኝ ባለፈው ቅዳሜ ነው። ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተቀምጠናል። ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ ሲሊንደር፣ ከሲሊንደር ወደ ካሉብ ጋዝ ተሻገረ። አንዱ ድንገት ማንኪያውን አስቀመጠና “ቆይ፣ ጋዙ ያለው ሦስት ኪሎ ሜትር ከመሬት በታች ነው ትላላችሁ። ማን ገብቶ አየው?” አለ።

ሁሉም ሣቀ። እኔ ግን ወንበሬን አስጠጋሁ፤ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ዓመታት አልፈዋል። መልሱ ያለው እናቴ ዘንድ ነው። ማንም ገብቶ አላየውም፤ መጀመሪያ አንኳኩተው ነው የሰሙት።

እንጀራና አክንባሎ

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ሥዕል እናጥፋ። “የጋዝ ክምችት” ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ከመሬት በታች ያለ ዋሻ ነው፤ ጋዙ እንደ ሐይቅ የተኛበት። ቃሉም ያሳስተናል። ባደግንበት ሰፈር ጋዝ ማለት በጠርሙስ ተገዝቶ ኩራዝ ውስጥ የሚጨመረው ነጭ ጋዝ ነበር፤ ፈሳሽ ነገር። የካሉቡ ሌላ ነው። አብዛኛው ሚቴን የሆነ የተፈጥሮ ጋዝ ነው፤ የሚኖረውም ዋሻ ውስጥ ሳይሆን ድንጋይ ውስጥ ነው።

ድንጋዩ የአሸዋ ድንጋይ ይባላል። ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ወንዝና ነፋስ ያከማቹት አሸዋ፣ በላዩ ሌላ ደለል እየተጫነው ተጨምቆ የጠነከረ ነው። የቱንም ያህል ቢጨመቅ ግን በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል ክፍተት ይቀራል። እንጀራን አስቡ። ጥሩ እንጀራ ዓይናማ ነው፤ ወጡ በየዓይኑ ይሰርጋል። ጥሩ የጋዝ ድንጋይም እንዲሁ ዓይናማ ነው። ከመቶ አሥር ወይም ሃያ እጁ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ጋዙ የሚያድረው እዚያ ነው። ዓይን መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም። ዓይኖቹ እርስ በርስ ካልተገናኙ ጋዙ ቢኖርም ወደ ተቆፈረለት ጉድጓድ መፍሰስ አይችልም፤ ታፍኖ ይቀራል።

ሁለተኛው ጉዳይ ክዳን ነው። በድንጋዩ ዓይኖች ውስጥ ከጥንት ጀምሮ ጨዋማ ውኃ አለ። ጋዝ ከውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ወደ ላይ ይላል፤ የሚያግደው ካላገኘም በሺህ ዘመናት ሾልኮ ከነፋስ ጋር ይቀላቀላል። የሚያግደው ዓይን የሌለው ድንጋይ ነው፤ ለምሳሌ የደቀቀ ጭቃ ተጨምቆ የሚሠራው ሸል። ይህ ክዳን ደግሞ ጠፍጣፋ ከሆነ ጋዙ ሥር ሥሩን ተንሸራትቶ ይሄዳል። ቆልመም፣ ጎበጥ ማለት አለበት፤ ልክ እንደ አክንባሎ። ምጣዱ ላይ ስትደፉት እንፋሎቱ ወደ ጉልላቱ ተሰብስቦ እዚያው ይቆያል። የምድር ግፊት ድንጋዮቹን አጉብጦ እንዲህ ያለ አክንባሎ ከሠራ፣ ከሥሩም ዓይናማ ድንጋይ ካለ፣ ጋዝ ሊጠራቀም የሚችልበት ቤት ተገኘ ማለት ነው።

ካሉብ ላይ ያለው ይኸው ነው። በሶማሌ ክልል፣ በኦጋዴን ተፋሰስ ውስጥ፣ በጥቅሉ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ዘልቀን ብንወርድ በአካባቢው ስም ካሉብ የተባለው የአሸዋ ድንጋይ አለ። በላዩ ቦክ የሚባለው ሸል ተከድኖበታል። ከዚያ ከፍ ብሎ ሌላ ዓይናማ ድንጋይ፣ የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ አለ። እሱን ደግሞ ሐማንሌይ የተባለው በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ የሆነ ንብብር ተጭኖታል። አዲግራት የሚለውን ስም ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ስለዚህ ፈላጊው በቀጥታ ጋዝ አይፈልግም። ሦስት ኪሎ ሜትር ታች የተደፋ አክንባሎ ነው የሚፈልገው።

እሑድ፣ መስከረም 26

ምድርን ማንኳኳት ማለት ወደ ድንጋዩ ሞገድ መላክ ነው። በድንጋይ ውስጥ የሚሄድ ሞገድ ምን እንደሚመስል ደግሞ አዲስ አበቤ ሊነገረው አያሻም። መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ የት ነበራችሁ? በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው፣ በመጠን 4.9 የተለካው የመሬት መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ መጥቶ አልጋችንን ነቀነቀው። ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ድንጋይ አቋርጦ ለመድረስ አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም።

የሚመጡት ሞገዶች ሁለት ዓይነት ናቸው። ፊተኛው ድንጋዩን እየገፋና እየሳበ ይሄዳል፤ በጠንካራ ድንጋይ ውስጥ በሴኮንድ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይፈጥናል። ኋለኛው ድንጋዩን ወደ ጎን እያወዛወዘ በቀስታ ይከተላል። ፊተኛው በፈሳሽም በጋዝም ውስጥ ያልፋል። ኋለኛው ግን የሚያልፈው በጠጣር ነገር ውስጥ ብቻ ነው። ይህቺን ልዩነት ጋዝ ፈላጊዎች ይጠቀሙባታል።

እነዚህን ሞገዶች እየሰማ የሚመዘግብ ጆሮ ደግሞ ከፒያሳ አንድ ታክሲ ርቀት ላይ አለ፦ አራት ኪሎ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ። ሥራ የጀመረው በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ያቋቋሙት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን አባ ፒየር ጉዋን በኋላ የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበውታል።

የመሬት መንቀጥቀጥን ግን ቁጭ ብለው ነው የሚጠብቁት፤ መቼና የት እንደሚመጣ አይናገርም። ታዲያ ለምን ራሳችን ትንሽ መንቀጥቀጥ አንፈጥርም? ይህ በአገራችን በትልቁ ተሠርቷል። በጥር 1995 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የውጭ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ መቅረጫዎችን በስምጥ ሸለቆውና በዙሪያው ባሉት ደጋዎች ላይ ደርድረው፣ በተቆፈሩ ጉድጓዶች ውስጥ ፈንጂ እያፈነዱ የምድርን ቅርፊት አዳምጠዋል። ኢግል የተባለው ይህ ጥናት የሚፈልገው ጋዝ አልነበረም፤ ስምጥ ሸለቆው እንዴት እየተከፈለ እንደሆነ ነበር። መንገዱ ግን ያው ነው፦ አንኳኩቶ መስማት።

የገደል ማሚቶ ሒሳብ

ገደል ፊት ለፊት ቆማችሁ ብትጮኹ ድምፃችሁ ተመልሶ ይመጣል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ማሚቶው በሁለት ሴኮንድ ከተመለሰ ገደሉ 340 ሜትር ይርቃል ማለት ነው፤ አንድ ሴኮንድ ለመሄድ፣ አንድ ሴኮንድ ለመመለስ።

ከመሬት በታች ያለው ሒሳብም ይኸው ነው። ገደሉን የሚተካው የንብብሮች ወሰን ነው። አንዱ ድንጋይ ከሌላው በክብደትና ሞገድን በሚያስኬድበት ፍጥነት ከተለየ፣ ሞገዱ ወሰናቸው ላይ ሲደርስ ከፊሉ ያልፋል፣ ከፊሉ ይመለሳል። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ማሚቶው ይጎላል። ሁለቱ ድንጋዮች በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት ከሆኑ ግን ወሰናቸው ድምፅ የለውም፤ ሞገዱ እንደሌለ ቆጥሮት ያልፋል።

ቁጥር እናስገባ። ማሚቶው በ1.5 ሴኮንድ ተመለሰ እንበል። መውረጃው 0.75 ሴኮንድ ነው። ከላይ ያሉት ድንጋዮች በአማካይ በሴኮንድ 4,000 ሜትር የሚያስኬዱ ከሆነ፣ ወሰኑ ያለው 3,000 ሜትር ላይ ነው። ሦስት ኪሎ ሜትር ለመለካት ቡና ፉት ከማለት ያነሰ ጊዜ!

ሐሳቡ ከጦር ሜዳ ጋር ዝምድና አለው። አሜሪካዊው ጆን ክላረንስ ካርቸር በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላት መድፍ የተተኮሰበትን ቦታ በድምፁ የማግኘት ጥናት ላይ ተሠማርቶ ነበር። በ1913 ዓ.ም. ኦክላሆማ ውስጥ ያንኑ ጆሮ ወደ ምድር አዙሮ ከንብብሮች የተመለሰ ማሚቶ ለመቅረጽ በቃ። ከዚያ ወዲህ የነዳጅና የጋዝ ፍለጋ ያለዚህ መንገድ አይታሰብም።

ወያላው የገለጠልኝ ምሥጢር

አሁን ወደ ሜዳው እንውረድ። ፈንጂ መጠቀም ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን የሚመረጠው ከባድ መኪና ነው። ከሆዱ ሥር ትልቅ የብረት ሰሌዳ ያወርድና መሬት ላይ ይጫናል። ከዚያ ይንቀጠቀጣል፤ ከወፍራም ድምፅ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ቀጭን እያሳደገ፣ አሥር ሴኮንድ ያህል። አንዴ ጓ አድርጎ እንደ መምታት አይደለም፤ መሬት ውስጥ ዜማ እንደ መዝፈን ነው። የተዘፈነው ዜማ አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ኮምፒውተሩ በተቀረጸው ጫጫታ መካከል ያንኑ ዜማ እየፈለገ ያወጣዋል።

የሚሰሙት ጆሮዎች ጂኦፎን ይባላሉ። ጭብጥ የማይሞሉ፣ በሥራቸው ባለው ሹል ብረት መሬት ላይ የሚተከሉ መሣሪያዎች ናቸው። ውስጣቸው ማግኔትና በስፕሪንግ የተንጠለጠለ የሽቦ ጥቅል አለ። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በማግኔቱና በጥቅሉ መካከል በሚኖረው እንቅስቃሴ ቅንጣት ታህል ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። የስፒከር ተገላቢጦሽ በሉት፤ ስፒከር ኤሌክትሪኩን ወደ ንዝረት፣ ጂኦፎን ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። እንዲህ ያሉት በመቶዎች፣ በሺዎች ይደረደራሉ።

ግን ነፋስ አለ። ግመል ያልፋል። ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚመለሰው ማሚቶ ከዚህ ሁሉ ያንሳል። ታዲያ እንዴት ይሰማል? እዚህ ላይ ወያላው ይግባ። ከሩቅ ሆናችሁ ጡሩምባውና ወሬው ሲደበላለቅባችሁ የወያላውን ጥሪ መጀመሪያ አትለዩትም። እሱ ግን አይሰለችም፦ “አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!” አምስተኛው ላይ ጆሮአችሁ ይይዘዋል። ጫጫታው በየሴኮንዱ ይለዋወጣል፣ ጥሪው ግን ያው ነው። ባለሙያዎቹም አንዱን የምድር ነጥብ ከተለያየ ቦታ ደጋግመው አንኳኩተው ቅጂዎቹን ይደራርቧቸዋል። የማይደጋገመው ጫጫታ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የሚደጋገመው ማሚቶ እየጎላ ይወጣል።

ውጤቱ ሁለት መልክ አለው። ጂኦፎኖቹን በአንድ መስመር ከደረደራችሁ ምድርን በቢላ ቆርጣችሁ ጎኗን እንደ ማየት ነው። ይህ ግን አዲስ አበባን በአንድ የታክሲ መስመር ብቻ እንደ ማወቅ ነው፤ ከጊዮርጊስ አራት ኪሎ የተመላለሰ ሰው ስለ ሠራተኛ ሰፈር ምን ያውቃል? ስለዚህ ገንዘብ ሲኖር መስመሮቹ እንደ መረብ ይዘረጋሉ። ያኔ የንብብሩን ከፍታና ዝቅታ፣ ስብራቱን፣ የአክንባሎውን ጉልላትና ጠርዝ የሚያሳይ ባለ ሦስት ገጽታ ካርታ ይገኛል።

ማኪያቶ ይዞ ሲወራ ቀላል ይመስላል። ኦጋዴን ውስጥ ግን ይህ ሥራ በሙቀትና በእሾህ መካከል ገመድ እየጎተቱ በእግር መሄድ ነው፤ ሕይወትም አስከፍሏል። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. አቦሌ በተባለው ቦታ በቻይና ኩባንያ የፍለጋ ካምፕ ላይ በተፈጸመው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ተገድለዋል። አንድ የከርሰ ምድር ካርታ ስናይ ገመዱን የጎተቱ ሰዎች እንዳሉበት ማስታወስ ደግ ነው።

ካርታው ሲያሳስት

ጓደኛዬ እዚህ ላይ “እንግዲያው አለቀ፤ ጉልላቱን አይቶ መቆፈር ነዋ!” አለ። አላለቀም። ማሚቶ የሚነግረን ጊዜን እንጂ ጥልቀትን አይደለም። ቅድም ፍጥነቱን 4,000 ብለን 3,000 ሜትር አገኘን። ትክክለኛው 4,200 ቢሆንስ? ወሰኑ 3,150 ሜትር ላይ ነው፤ በአንዲት ግምት 150 ሜትር ሳትን። ከዚህ የባሰም አለ። ከላይ ያለው ፈጣን ድንጋይ አንዱ ቦታ ላይ ወፈር ካለ ሞገዱ እዚያ ጋ ቶሎ ይመለሳል፤ ከሥሩ ያለው ጠፍጣፋ ንብብርም ጎብጦ ይታያል። አክንባሎ አየን ስንል የሌለ አክንባሎ!

ጋዙ ራሱስ አይሰማም? አንዳንዴ ይሰማል። የድንጋዩ ዓይኖች በውኃ ፈንታ በጋዝ ሲሞሉ ፊተኛው፣ የሚገፋው ሞገድ ይዘገያል። በአንዳንድ ቦታ ማሚቶው ከአካባቢው ይልቅ ደምቆ ይወጣል። የሚያወዛውዘው ሞገድ ግን የሚሄደው በድንጋዩ አጥንት ስለሆነ ጋዙ እምብዛም አይነካውም፤ ሁለቱን በማነጻጸር ፍንጭ ይገኛል። ችግሩ በውኃው ውስጥ ጥቂት ጋዝ ብቻ ቢኖርም ድምቀቱ ሊመሳሰል መቻሉ ነው። ማሚቶው ጋዝ መኖሩን ቢጠቁምም ብዛቱን ደፍሮ አይናገርም። ድንጋዩ ጥልቅና ጠንካራ ሲሆን ደግሞ ድምቀቱ ራሱ ይደበዝዛል።

“ታዲያ ያን መኪና ፒያሳ አምጥተን ከሥራችን ያለውን አንሰማም?” ብትሉኝ፣ አዲስ የተነጠፈው የእግረኛ መንገድ ላይ የብረት ሰሌዳ ለማሳረፍ ማን ይፈቅድልናል? ቢፈቀድልንም የቆምነው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው። የተደራረበ ባዛልት ሞገዱን ገና ከላይ ይመልሰዋል፣ ይበታትነዋል፤ ወደ ታች የሚዘልቀው ጥቂት ነው። የሰሜን ምዕራቡ ደጋችን፣ የዐባይ ተፋሰስን ጨምሮ፣ ከኦጋዴን ይልቅ ለዚህ ጆሮ የሚከብደው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ መሰርሰሪያው ነው። ከጉድጓዱ በሚገኘው ልኬት የሞገዱ ፍጥነት ይታረማል፣ ካርታው እንደገና ይሣላል። ብዙ ጊዜም የመጀመሪያው ጉድጓድ ባዶ ይወጣል። እኛ ለዚህ ቃል አለን፦ የምጣድ ማሟሻ።

“ተገኘ” ማለት

አሁን የካሉብን ታሪክ በዚህ ጆሮ ስሙት። ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ነዳጅ ለመፈለግ የተዋዋለው በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። የካሉብን ጋዝ ቆፍሮ ያገኘው ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ቴኔኮ ሲሆን፣ ጊዜው 1960ዎቹ አጋማሽ ነበር። ከዚያ አብዮቱ መጣ። በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ። በ2006 ዓ.ም. ፖሊ ጂሲኤል የተባለው የቻይና ኩባንያ ተዋዋለ፤ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ሊወጣ ነው ተብሎ ከተማው በደስታ ሰከረ። በ2014 ዓ.ም. አንድ የአሜሪካ አማካሪ ድርጅት 7 ትሪሊዮን ኪዩቢክ ጫማ ጋዝ እንዳለ ገመተ፤ ወደ 200 ቢሊዮን ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል የተባለው የፕሮጀክቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ፈሳሽ የሚሆነው እስከ 162 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲቀዘቅዝ ነው፤ ያኔ መጠኑ ስድስት መቶ ጊዜ ያህል ይቀንስና በቦቴ ለመጓዝ ይመቻል።

ከመጀመሪያው ግኝት እስከ ምርቃቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ነው። በእነዚህ ዓመታት “ተገኘ” የሚለውን ዜና ስንት ጊዜ ሰማን? የተናገረው ሁሉ ዋሽቶ አይደለም፤ ቃሉ ብዙ ደረጃ ስላለው ነው። ጉልላት ታየ፣ ተቆፍሮ ጋዝ ሸተተ፣ መጠኑ ተገመተ፣ በቧንቧ ወጣ፤ ለአራቱም “ተገኘ” እንላለን። ከእንግዲህ ዜናውን ስትሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ አንኳኩተው ነው ወይስ ጋግረው?

የአዲግራቱን ድንጋይ ግን በእጃችሁ ልትነኩት ትችላላችሁ። በጎጃም መንገድ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ ስትወርዱ አውቶቡሱ ንብብሮቹን አንድ በአንድ እያቋረጠ ያልፋል፦ ከላይ ባዛልት፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም ያለበት፣ ከታች ድልድዩ አካባቢ ደግሞ ቀላ ያለው የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ። ስሙን ያወጣለት በ1860 ዓ.ም. ከናፒየር ጦር ጋር ወደ መቅደላ የመጣው ጂኦሎጂስት ዊሊያም ብላንፎርድ ነው። የገርዓልታ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉትም ከዚሁ ድንጋይ ነው። አባቶች መቅደስ ያነጹበት ድንጋይ ካሉብ ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ጋዝ አቅፏል።

ማታ ቤት ገብቼ ይህን ሁሉ ለእናቴ አወራሁላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና “አንኳኩቼ የገዛሁት ምጣድም እኮ ሳላሟሸው አላመሰግነውም” አለች።